ያለ ኮርቻ፦ ፈረስን ለቤተሰብ ሕክምና ማዋል

ብዙ ወላጅ ልጁ ፈረስ ሲጋልብ አያለሁ ብሎ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1999 አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተው ኢጋላ የተባለው ማኅበር በሚያስተምረው አሠራር ግን የሚጋልብ የለም፤ ሁሉም ነገር የሚሠራው መሬት ላይ ቆሞ ነው። ሁለት ባለሙያም ይፈልጋል፦ ፈቃድ ያለው የሥነ ልቦና ባለሙያ ቤተሰቡን፣ የፈረስ ባለሙያው ደግሞ ፈረሱን ይከታተላል። ሁለቱንም አንድ ሰው ልያዝ ካለ የልጁን ፊት ሲያይ የፈረሱ ጆሮ ወደ ኋላ መለጠፉ፣ ማለትም የቁጣው ምልክት፣ ያመልጠዋል።

ከ15 እስከ 18 ሜትር ስፋት ያለው ክብ አጥር ይበቃል። ረጋ ያለ ፈረስ ይምረጡ፤ ራሱ ላይ የሚታሰር ልባብ ይደረግለት፣ አፉ ውስጥ የሚገባ ልጓም አያስፈልገውም። የመሳቢያው ገመድ 3 ሜትር ያህል ይሁን። ፈረስ ልክ ከግንባሩ ፊትና ከጭራው ኋላ ያለውን ስለማያይ፣ በትከሻው በኩል ድምፅ እያሰሙ ይቅረቡት። ሁሉም ሽፍን ጫማ ያድርግ። ገመድ እጅ ላይ መጠቅለል ፈጽሞ አይፈቀድም፤ 500 ኪሎ የሚመዝን እንስሳ ደንብሮ ሲሮጥ ጣት ሊቆርጥ ይችላል።

ከዚያ ሦስት አግዳሚ እንጨቶች መሬት ላይ ያጋድሙና ቤተሰቡ ሳይነጋገር ፈረሱን እንዲያሻግር ይንገሩት። 15 ደቂቃ ይስጡት። ብዙ ጊዜ አባት ገመዱን ይይዝና ፊት ለፊት ቆሞ ይጎትታል። ፈረሱ አንገቱን ሽቅብ ያነሣል፣ እግሩን ተክሎ ይቆማል፤ ፈረስ ሲጎትቱት ወደ ኋላ መሳቡ ተፈጥሮው ነው። የሚራመደው ገመዱ ላላ ብሎ ሰው ጎኑ ሲሄድ ነው፤ ይህንንም ዳር ቆሞ የነበረው ልጅ ቀድሞ ሊያስተውለው ይችላል።

ሥራው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ባለሙያው ቸኩሎ «አዩ፣ ልጅዎንም እንዲሁ ነው የሚጎትቱት» ካለ አባት በልጁ ፊት ተዋረደ፤ ዳግም ላይመጣ ይችላል። ይልቅ «ፈረሱ ሲቆም ምን አያችሁ?» ብለው ይጠይቁ፤ መጀመሪያ ልጁ ይመልስ። ዝም ካለም ይጠብቁት እንጂ አያሟሉለት። አሜሪካ ባሉ ቤተሰቦቻችን ወላጅ በአማርኛ፣ ልጅ በእንግሊዝኛ የሚያወራበት ቤት ብዙ ነውና አስተርጓሚ ከውጭ ይምጣ። ልጁ የራሱን ጉዳይ እንዲያስተረጉም አይደረግም።

እንስሳ የማሰቃየት ታሪክ ያለው፣ ራሱን ለመግደል እያሰበ ያለ ወይም የፈረስ ጠጉር አስም የሚያስነሣበት ልጅ ሐኪሙ ሳይፈቅድ አይገባም። በመሀል ፈረሱ ጆሮውን ለጥፎ ጭራውን ደጋግሞ ከወነጨፈ ቤተሰቡን ከአጥሩ ያውጡ፤ የቀረው ሰዓት በውይይት ይለቅ።