ትራፊ ወጥ ለውሻ? ሽንኩርቱ ሳይገባ ቀንሱለት

ለውሻ አደገኛ ስለሆኑ ምግቦች ኢንተርኔት ላይ ብትፈልጉ መጀመሪያ የሚመጣላችሁ ቸኮሌት ነው። ደሴ ውስጥ ለግቢ ውሻው ቸኮሌት የሚያጎርስ ሰው ካለ አሳዩኝ። የእኛን ውሻ የሚጎዳው ትራፊ ወጥ ነው። ወጡ ውስጥ ያለው ቁሌት።

እኔ ይህን ያወቅኩት በውሻችን በቦቢ ነው። ፋሲካ ላይ ዶሮ ወጥ ተረፈ። እናቴ ደግሞ ምግብ ሲደፋ ማየት አትችልም። ሦስት ቀን ሙሉ እንጀራ በወጥ እያራሰች ሰጠችው። አጥንቱን እንኳ ለቅማ አውጥታለች፣ ጠንቃቃ ናት። በአምስተኛው ቀን ቦቢ በሩ ሥር እንደተኛ ሰው ሲገባ ጭራውን ብቻ ነቅነቅ አደረገ። ሌሊት ጅብ በመጣ ቁጥር ሰፈሩን የሚያናውጥ ውሻ! ሲሸና ሲሚንቶው ላይ የቀረው ቀለም የጠቆረ ሻይ ይመስላል።

የእንስሳት ሐኪሙ ከንፈሩን ገለጥ አድርጎ አየው።

«እማማ፣ ምን ሰጡት?»

«የቤት ምግብ ነው ልጄ። ውጭ አይወጣም።»

«ወጥ ይበላል?»

«ታዲያ ምን ይብላ?»

«አብሽሩ፣ ይድናል። ግን ከእንግዲህ ሽንኩርት የነካው ነገር እንዳይሰጡት።»

እናቴ መንገድ ላይ «ሽንኩርት ያልነካው ምግብ ደግሞ የት አለ?» እያለች መጣች። እውነቷን ነው። ከዚያ ወዲህ ቤታችን የምናደርገውን በቅደም ተከተል ልጻፍላችሁ።

1. ውሻውን መዝኑ

ምን ያህል ሲበላ ይጎዳዋል የሚለው የሚወሰነው በክብደቱ ነው። ሚዛን ከሌላችሁ ወፍጮ ቤት ሂዱ። መጀመሪያ ብቻችሁን ተመዘኑ፣ ቀጥሎ ውሻውን ታቅፋችሁ፣ ከዚያ ቀንሱ። እኛ ስንሄድ እህል ሊያስፈጩ የመጡት ሁሉ ሳቁብን። ቦቢ 18 ኪሎ ሆነ።

2. የሽንኩርቱን ነገር በደንብ ያዙት

ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ውስጥ ያለው የድኝ ውሕድ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ከበላ ደሙ ይጎዳል። ለ10 ኪሎ ውሻ 150 ግራም ማለት ነው፤ አንድ ትልቅ ሽንኩርት ይሆናል። ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ትንሽ ትንሽ እየተሰጠም ለቀናት ከቀጠለ ያው ነው። በአንድ ዶሮ ወጥ ስንት ኪሎ ሽንኩርት እንደሚከተፍ እናንተው ታውቃላችሁ።

ሁለት ነገር ሰውን ያታልላል። አንደኛ፣ «በስሏል፣ ምንም አይልም» ይባላል። መብሰል መርዙን አያጠፋውም። መድረቅና መፈጨትም አያጠፋውም። ስለዚህ በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጁ የገባው ነጭ ሽንኩርት እዚያው አለ፤ ጾም ሲገባ የሚሰጠው ሽሮ ፍትፍትም ነፃ አይደለም። ሁለተኛ፣ ምልክቱ በዕለቱ አይታይም። ቀናት ይወስዳል። የፋሲካው ወጥ ተረስቶ «ሰው መርዞት ይሆን?» ተብሎ ጎረቤት የሚታማው ለዚህ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ወጡ ከመሠራቱ በፊት የውሻውን ድርሻ ቀንሱ። ሥጋው ሲከተፍ ብጥስጣሹን ለብቻው በውሃ ቀቅሉት፣ ጨውም ቅመምም ሳይገባ። አጥንቱን አውጡ። መረቁን እንጀራ ላይ ወይም ሩዝ ላይ አፍስሱት። ካሮት፣ ዱባ፣ የተቀቀለ እንቁላል ቢጨመርበት ጥሩ ነው። ወጥ የተቀባ ትራፊ ግን በክዳን ባልዲ ይውጣ። እናቴ ይህን ለመልመድ ወር ፈጀባት።

3. የቀረውን ቤት ዙሩ

ሊጥ። ዳቦ ሊጋገር በቆርቆሮ ሳህን ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ሊጥ ለውሻ ግብዣ ነው። ሆዱ ሞቃት ስለሆነ እዚያው ኩፍ ማለቱን ይቀጥላል። ሆዱን ይነፋዋል፣ እርሾው የሚሠራው አልኮል ደግሞ ያሰክረዋል። የጠላ አተላም ያው አልኮል አለበት። ለከብት የተደፋውን ውሻው ቀድሞ እንዳይደርስበት።

የቡና አተላ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተጠጥቶ ጀበናው ሲለቀለቅ ግቢ ውስጥ ይደፋል። በተለይ ቡችላ ይልሰዋል። ካፌይን ልብን ያስሮጣል፣ ያንቀጠቅጣል። የጫት ገረባም ለእንስሳ መጫወቻ አይሆንም፤ ቅጠሉ ሰውን እንደሚያነቃው ውሻውንም ያነቃዋል፣ እሱ ግን መጠኑን አያውቅም።

ዘቢብና ወይን። ሠርግ ላይ ሩዝ በዘቢብ ሲሠራ ልጆች እየለቀሙ ይጥሉለታል። ኩላሊት ያቆማል። መጠኑ ከውሻ ውሻ ይለያያል፣ ስለዚህ አንዲትም ፍሬ አትስጡ። ዛሬ የሚጠረጠረው ወይን ውስጥ ያለው ታርታሪክ አሲድ ነው። ይኸው አሲድ ሮቃ ውስጥም አለ።

የሻገተ እንጀራ። «ለሰው አይሆንም፣ ለውሻ ይሁን» እንላለን። አንዳንዱ ሻጋታ ያንዘፈዝፋል። የሻገተ በቆሎ ላይ የሚገኘው አፍላቶክሲን የሚባል የሻጋታ መርዝ ደግሞ ጉበት ያበላሻል። ለእናንተ የማይሆነው ለእሱም አይሆንም።

ከውጭ የመጣ እንግዳ ማስቲካ ይዞ ከሆነ ማሸጊያውን አንብቡ። ስኳር የሌለው ከሆነና ዛይሊቶል የሚባለው የስኳር ምትክ ካለበት በግማሽ ሰዓት የውሻውን የደም ስኳር ሊጥለው ይችላል። ቸኮሌትም ከተነሳ ላይቀር፣ ለ10 ኪሎ ውሻ 40 ግራም ጥቁር ቸኮሌት ለመታመም ይበቃል።

4. የበዓል ዕርድ

ወሎ ቤት ያለ ውሻ ፋሲካንም አረፋንም ነው የሚያከብረው። ከሁለቱም ጎረቤት ይደርሰዋል። ታዲያ በግ ሲታረድ ሳንባውና ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር ካያችሁ ለውሻ አትወርውሩ። ይህ ከሌሎቹ የሚለየው ለእሱ ሳይሆን ለእኛ አደገኛ በመሆኑ ነው። ውስጡ ያለው ጥገኛ ውሻው አንጀት ውስጥ ትል ሆኖ ያድጋል፣ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፣ ፀጉሩን በደባበሰ ልጅ እጅ አፍ ይደርሳል። ከዓመታት በኋላ ያው ውሃ ቋጠሮ ሰው ጉበት ላይ ይገኛል። አቃጥሉት ወይም ውሻ ቆፍሮ የማያወጣው ጉድጓድ ውስጥ ቅበሩት።

የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ይሰነጠቅና አንጀት ይወጋል። ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ይሰጣል።

5. ከበላ በኋላ

ወተት፣ ዘይት፣ ፌጦ በግድ አታጠጡት። ሳንባው ውስጥ ሊገባ ይችላል። እንዲያስመልሰው ብላችሁ ጨው አትስጡ፣ ጨው ራሱ ይመርዛል። ጣታችሁንም ጉሮሮው ውስጥ አትክተቱ፤ የታመመ ውሻ ጌታውንም ይነክሳል።

ሦስት ነገር ያዙ፦ ምን በላ፣ ስንት ያህል፣ መቼ። ማሸጊያ ካለ ይዛችሁ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ሂዱ። በሁለት ሰዓት ውስጥ ከደረሳችሁ ሐኪሙ ሊያስመልሰው ይችል ይሆናል። ስለዚህ «እስኪ እስከ ነገ እንየው» አትበሉ።

ሽንኩርት ከሆነ ግን በዕለቱ ደህና መሰለ ብላችሁ እንዳትተዉት። እስከ አምስት ስድስት ቀን ጠዋት ጠዋት በብርሃን ከንፈሩን ገልጡና ድዱን በአውራ ጣት ጫን አድርጋችሁ ልቀቁ። የነጣው ቦታ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ወደ ሮዝ መመለስ አለበት። የሀገራችን ውሾች ብዙዎቹ ድዳቸው ጥቁር ነው፣ አይታይም። እንዲያ ከሆነ የታችኛውን የዓይን ቆብ ወደ ታች ሳብ አድርጋችሁ ውስጡን እዩ። ከነጣ፣ ሽንቱም ከጠቆረ፣ በዚያው ሰዓት ተነሱ።