የመጀመሪያው የዋሻ ጉዞ ምን ያህል ይክበድ?

መጀመሪያ ዋሻ ያስገባኝ ልጅ ጎበዝ ነበር፤ ጉብዝናው ግን ለራሱ ነው። አምስት ሰዓት ሙሉ በደረታችን አስኬደን። አንዷ ጓደኛችን እያለቀሰች ወጣች፣ እስከ ዛሬ ዋሻ ሲነሳ ወሬ ትቀይራለች። አሁን ከባህር ዳር አዲስ ሰው ይዤ የምወጣው እኔ ነኝ። መለኪያዬም አንድ ነው፦ ሰውየው ጉልበት ተርፎት ወጥቶ፣ ባጃጅ ውስጥ ሳለን «ቀጣዩ መቼ ነው?» ካለ ልኩ ተገኝቷል።

ስለዚህ ውስጥ የምትቆዩት ደርሶ መልስ ሁለት ሰዓት፣ ቢበዛ ሦስት ይሁን። አብዛኛው መንገድ ቆማችሁ የምትሄዱበት፣ ገመድ የማይፈልግ፣ ውሃ ካለውም ከጉልበት የማያልፍ። የምታሰሉት በደካማው ሰው ነው። ለመግባት አንድ ሰዓት ከፈጀባችሁ ለመውጣትም ቢያንስ ያንኑ ያህል ያዙ፣ ምክንያቱም ሰው ይደክማል፣ ደግሞም መንገዱ ሲመለሱት ሌላ መንገድ ነው የሚመስለው፤ እየገባችሁ በየመታጠፊያው ዞር ብላችሁ እዩት።

መሳብ ጭራሽ አይኑር አልልም። ትንሽ በደረት ካልተሳቡበት ዋሻ ዋሻ አይሸትም። ግን ጠባቧ ቦታ ዋናው መንገድ ላይ ሳይሆን ዳር ትሁን፣ ያልፈለገ ሰው ከአንድ ጓደኛው ጋር ቁጭ ብሎ ቆሎውን እየቆረጠመ የሚጠብቅባት። እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካ ዩታ ውስጥ ኑቲ ፑቲ የሚባል ዋሻ ውስጥ አንድ የ26 ዓመት ወጣት ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ በጭንቅላቱ ወደ ታች ገብቶ ተቀረቀረ። ከአንድ ቀን በላይ ታግለው ሊያወጡት አልቻሉም። ዋሻው እኮ ጀማሪ የሚበዛበት ነበር! እና «ለጀማሪ ይመቻል» ሲሏችሁ የትኛው መንገድ ብላችሁ ጠይቁ። መጨረሻው ወደማይታይ ቁልቁለት ደግሞ በጭንቅላት አይገባም፣ አለቀ።

ጠባብ ቦታ ትፈሩ እንደሆነ ቤት ሞክሩት። ማታ መብራት አጥፍታችሁ አልጋ ስር ግቡና አምስት ደቂቃ ተኙ። የሚያስቅ ነገር ነው፣ ግን ያስጨነቀው ሰው ያንኑ ማታ ያውቀዋል።

የት? በጣና ዙሪያ ያለው ድንጋይ በአብዛኛው ከእሳተ ገሞራ የመጣ ጥቁር ድንጋይ ነው። ረጃጅም ዋሻ በብዛት የሚገኘው ደግሞ ውሃ እያሟሟ የሚበላው የኖራ ድንጋይ ውስጥ ነው። እኛ አካባቢ አጫጭር ዋሻ ነው የምታገኙት፤ ለመጀመሪያ ቀን ይሄ በረከት ነው። የአገሩን ገበሬ ጠይቁ፣ የጸሎት ቦታ ከሆነም ሳታስፈቅዱ አትግቡ። ባሌ ያለው ሶፍ ዑመር 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የወይብ ወንዝ በውስጡ ያልፋል። ለጀማሪ መግቢያው አካባቢ ያሉትን ሰፋፊ አዳራሾች ማየት ይበቃል።

በክረምት አትግቡ። ባሌ ደግሞ በልግም ይዘንባል፣ የኛ አገር ሰው ይህን ይረሳል። እ.ኤ.አ. በጁን 2018 ታይላንድ ታም ሉዋንግ ዋሻ የገቡ 12 ታዳጊ ኳስ ተጫዋቾችና አሰልጣኛቸው ላይ ጎርፍ መውጫውን ዘጋባቸው፤ የመጨረሻዎቹ የወጡት በ18ኛው ቀን ነው።

ዕቃ ላይ ብዙ አልልም። ሄልሜት የአገጭ ማሰሪያ ያለው፣ ጓንት፣ የማይንሸራተት ጫማ። ጂንስ ተዉት፣ ከራሰ አይደርቅም። ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ባትሪ፣ አንዱ ግንባር ላይ የሚታሰር፤ ስልክ አይቆጠርም። የሌሊት ወፍ የበዛበት ዋሻ ከሆነ ለመጀመሪያ ጉዞ ይቅርባችሁ፤ ደረቅ ኩሱ ሲቦን ሳንባ የሚያሳምም ፈንገስ ሊኖረው ይችላል፣ አንዳንዱ ዝርያም የማርበርግ ቫይረስ ይሸከማል።

ከአራት ሰው በታች አትሂዱ። አንዱ ቢጎዳ አንዱ አብሮት ይቆያል፣ ሁለቱ እርዳታ ፍለጋ ይወጣሉ። ከተማ ለቀረ ሰው ደግሞ የት እንደገባችሁና መቼ እንደምትወጡ ንገሩ፦ «9 ሰዓት እንወጣለን፣ እስከ 11 ካልደወልን ሰው ይዘህ ና።» ይህን ለእናታችሁ አትስጡ። የኔዋ ገና በ8 ሰዓት ሰፈሩን አስነስታ ጠበቀችኝ።