ስፖርት ኳድ ለበረዶ፦ ጎማ ስትመርጡ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ሚኒሶታ ወይም አልበርታ ለሚኖር የኳድ (ባለ አራት ጎማ ሞተር) ወዳጅ ኖቬምበር ከባድ ወር ነው። ሰመሩን ሙሉ ሲጋልበው የከረመውን ማሽን ሸራ አልብሶ ጋራዥ ውስጥ ማቆም አያስችለውም። እውነትም በረዶ ላይ ስፖርት ኳድ፣ ማለትም ለሥራ ሳይሆን ለፍጥነት የተሠራውን ቀላል ኳድ፣ መንዳት ደስ ይላል። ችግሩ ከፋብሪካ አብሮት የሚመጣው ጎማ ለአፈር የተሠራ መሆኑ ነው።

ስለዚህ ሰው ጎማ ፍለጋ ይገባል። ብዙዎቻችን ጎማ ስንመርጥ የምንጠይቀው ወደፊት ይገፋ እንደሆነ ብቻ ነው። መታጠፉና መቆሙ ይረሳል። በረዶ ውስጥ ተቀርቅሮ መቅረት ቢበዛ ያናድዳል። መቆም አለመቻል ግን አጥንት ይሰብራል። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚሁ የሚመጡ ናቸው።

የኋላውን ብቻ መቀየር

ከሁሉም የከፋው ይሄ ስለሆነ ከሱ ልጀምር። ስፖርት ኳድ የሚገፋው በኋላ ጎማዎቹ ብቻ ነው። በጀት ሲጠብ “ሥራውን የሚሠራው የኋላው ነው” ይባልና ሁለት ጥሩ ጎማ ከኋላ ይገባል፣ የፊቱ ባለበት ይቀራል። ኳዱ በደንብ ይሄዳል። መሪውን ስታዞሩት ግን የፊት ጎማዎቹ እየተንሸራተቱ ቀጥታ ይዘዋችሁ ይሄዳሉ። ነዳጅ ስትሰጡት ደግሞ ፊቱ ይቀልላል፣ ጭራሽ ይብስበታል። ፍሬን ስትይዙም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ ዋናውን ሥራ የሚሠሩት የፊት ጎማዎች ናቸው።

ገንዘባችሁ ለአንድ ጥንድ ብቻ ከበቃ ከፊት ጀምሩ። እኔ በዚህ አልደራደርም። የምትፈልጉት ጠበብ ያለ፣ ጠርዙ ላይ ጠንካራ ጥርሶች ያሉት፣ መሃሉ ላይም ዙሪያውን የሚሄድ ከፍ ያለ መስመር ያለው ጎማ ነው። በረዶውን ቆርጦ መሪውን የሚታዘዘው እሱ ነው።

የአሸዋ ጎማ ለበረዶ

አሸዋና በረዶ ሁለቱም ለስላሳ ናቸው፣ ስለዚህ ባለ መቅዘፊያው የአሸዋ ጎማ ይሠራል የሚል ሐሳብ አለ። ያ ጎማ የተሠራው እንደ ካሊፎርኒያው ግላሚስ ላሉ የአሸዋ ክምሮች ነው። ዙሪያውን ጥቂት መቅዘፊያ ብቻ ነው ያለው። ትኩስ ዱቄት በረዶ ላይ ለትንሽ ጊዜ ይገፋ ይሆናል። የተጠቀጠቀ በረዶ ላይ ሲደርስ ግን መሬቱን የሚነካው ላስቲክ በጣም ትንሽ ስለሆነ ወደ ጎን ይንሸራተታል፣ ፍሬንም አይዝም። ለበረዶ ብላችሁ አትግዙት።

“ሰፊ ከሆነ ይንሳፈፋል”

ስፋት ብቻውን አያንሳፍፍም። የያማሃ ራፕተር 700ን እንውሰድ። ክብደቱ ወደ 190 ኪሎ ነው። ፊቱ 21×7-10፣ ኋላው 20×10-9 ጎማ ነው የሚለብሰው፤ የመጀመሪያው ቁጥር ቁመቱ፣ ሁለተኛው ስፋቱ፣ ሦስተኛው የቸርኬው መጠን ነው፣ ሁሉም በኢንች። ከሆዱ በታች ያለው ክፍተት ደግሞ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከኋላ መሃል ላይ የካቴናው ጥርስ (ካቴናው የሚዞርበት ጥርሳም ክብ) እና የፍሬኑ ዲስክ ዝቅ ብለው ተንጠልጥለዋል። በረዶው ከዚያ በጣም ከበለጠ፣ የፈለጋችሁትን ያህል ሰፊ ጎማ ብታስገቡ ኳዱ በሆዱ ይቀመጣል።

ስለዚህ ስፖርት ኳድ በትክክል የሚሠራው ጥልቀት በሌለው ወይም በተጠቀጠቀ በረዶ ላይ ነው። እዚያ የሚያሸንፈው በረዶውን ሰንጥቆ ከሥር ያለውን ጠንካራ ነገር የሚነካ ጎማ ነው፤ ከስፋት ይልቅ ቁመትና ጥርስ ይፈለጋል ማለት ነው። ቁመት ስትጨምሩ ግን አንድ ነገር አስቡ። ከ20 ወደ 22 ኢንች መሄድ ማርሹን በ10 በመቶ ያከብደዋል፣ ኳዱም ለመነሳት ይሰንፋል። የፊተኛውን የካቴና ጥርስ አንድ ጥርስ ባነሰ መቀየር አብዛኛውን ይመልስላችኋል። ጎማው የትም እንደማይታከክም ከመንዳታችሁ በፊት በእጃችሁ እያዞራችሁ እዩ።

ደረቅና ከባድ ላስቲክ

ለጭቃ የተሠሩ ባለ 6 ፕላይ (ወፍራምና ጠንካራ ገላ ያላቸው) ጎማዎች ጥርሳቸው ያጓጓል። ነገር ግን ለከባድ የሥራ ኳድ የታሰቡ ናቸው። ለ450 ሲሲ ሞተር ክብደታቸው ይበዛል፣ ብርዱ ሲጠና ደግሞ ላስቲካቸው እንደ እንጨት ይደርቃል። ቀላል ሙከራ አለ። ጎማው ውጭ ብርድ ላይ ካደረ በኋላ ጥርሱን በአውራ ጣት ጥፍራችሁ ጫን በሉት። ጥፍሩ ትንሽ ካልገባ ያ ጎማ በረዶ አይዝም። ያገለገለ ጎማ ስትገዙ በተለይ ይሄን አትዝለሉ፤ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ዕድሜ ያደረቀው ጎማ ብዙ ነው።

የተለያዩ የኋላ ጎማዎች

የስፖርት ኳድ የኋላ አክስል አንድ ወጥ ብረት ነው፣ ሁለቱ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርገው ዲፈረንሻል የለውም። ሁለቱ ጎማዎች እኩል ዙሪያ ከሌላቸው ኳዱ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ይስባል። በሜትር ዙሪያቸውን ለክታችሁ ጥንድ አድርጋችሁ ግዙ።

ጋራዥ ውስጥ ነፋስ መሙላት

ይሄ በዝርዝር መታየት አለበት፣ ምክንያቱም ጥሩ ጎማ ገዝተው የሚያማርሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ ችግራቸው እዚህ ነው። የስፖርት ኳድ ጎማ የሚሞላው ከ4 እስከ 5 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ገደማ ነው። ሙቀቱ 20 ዲግሪ በሆነ ጋራዥ ውስጥ 5 ሞልታችሁ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ወደሆነ ሜዳ ብትወጡ ስንት ይቀራል? 2.3 ገደማ። ቅዝቃዜው የሚቀንሰው ከ5ቱ ላይ ብቻ ስላልሆነ ነው። ከባቢ አየሩ ሲጨመር ጎማው ውስጥ ያለው ጠቅላላ ግፊት ወደ 20 ፒኤስአይ ነው፤ ከዚያ ላይ 14 በመቶ ያህሉ ይሄዳል።

በ2.3 ላይ በፍጥነት ስትታጠፉ ጎማው ከቸርኬው ጠርዝ ሊወጣ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው። ኳዱን ውጭ አውጡትና አንድ ሰዓት ያህል ተዉት፣ ከዚያ ለክታችሁ ሙሉ። የመኪና መለኪያ እዚህ ታች አይሠራም። እስከ 10 ወይም 15 ፒኤስአይ ብቻ የሚያነብ ለኳድ የተሠራ መለኪያ ያስፈልጋል፣ ዋጋውም ብዙ አይደለም። ለስላሳ በረዶ ላይ ግፊቱን ትንሽ ዝቅ ማድረግ የጎማውን አያያዝ ያሻሽላል፤ ጎማውን ቆልፎ የሚይዝ ቢድሎክ ቸርኬ ከሌላችሁ ግን ከ3 በታች አትውረዱ። ማርች ላይ ሲሞቅ ደግሞ ግፊቱ ተመልሶ ስለሚወጣ እንደገና ለኩ።

ቪቴ ሳይለኩ መምታት

በረዶ የሆነ ሐይቅ ላይ ላስቲክ ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ብረት ይፈለጋል። ለዚሁ የተሠሩ፣ ጭንቅላታቸው ጥርስ ያለው ቪቴዎች ይሸጣሉ። በረዶውን የሚነክሰው ጭንቅላቱ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት የጎማውን ጥርስ ከፍታ ለኩ፣ ረጅም ቪቴ ገላውን በስቶ ነፋስ ያስወጣል። ከፊት ጎማ ላይ ወደ ጠርዞቹ አብዙት፣ ለመታጠፍ ይረዳል። ከኋላ ጥርሱን አግድም ተከትላችሁ ምቱት።

ቪቴ ያለበት ጎማ መሬት የሚያቆስል መሣሪያ ስለሆነ ሊከለከል ይችላል፣ የምትሄዱበትን ቦታ ሕግ አስቀድማችሁ ጠይቁ። እግር ማሳረፊያው ላይ መረብ ሳትገጥሙም አትንዱ፤ እግር ቢያመልጥ የሚያገኘው የኋላውን ጎማ ነው።

ሐይቁ ራሱስ? የሚኒሶታ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ለአነስተኛ ኳድ ቢያንስ 5 ኢንች፣ ማለትም 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሆን አዲስና ጥርት ያለ በረዶ ይጠይቃል። በረዶው ነጭ ከሆነ እጥፉን። ዳር ላይ የለካችሁት ስለ መሃሉ አይነግራችሁም፣ በየ150 ጫማው በስታችሁ ለኩ።