የሴልቲክስና የሌከርስን የፍጻሜ ታሪክ በደብተር እንዴት መዝግቦ ማንበብ ይቻላል

በድሬዳዋ ከዚራ፣ በዛፎቹ ጥላ ሥር ሻሂ ይዘው የሚቀመጡ የቅርጫት ኳስ ወዳጆች በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ በኤንቢኤ ስለሚጫወቱት ስለ ቦስተን ሴልቲክስና ስለ ሎስ አንጀለስ ሌከርስ ሲከራከሩ ብዙ ጊዜ ሁለት ቁጥሮች ይነሳሉ። አንዱ «አቦ፣ 18 ለ17 እኮ ነው፤ ልዩነቱ አንዲት ዋንጫ ናት» ሲል ሌላው «የለም፣ 9 ለ3 ነው» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ ያላግባባቸው የቆጠሩት ነገር የተለያየ መሆኑ ነው። ይህ መመሪያ የሁለቱን ክለቦች የፍጻሜ ፍልሚያ በአንድ ባለ መስመር ደብተር አስተካክሎ ለመመዝገብ፣ ከዚያም የመዘገበውን በትክክል ለማንበብ ለሚፈልግ ሰው የተዘጋጀ ነው።

በመጀመሪያ ሁለቱን ቆጠራዎች ለዩ። 18 እና 17 እያንዳንዱ ክለብ እስከ 2024 ድረስ ማንንም አሸንፎ የወሰደው የሻምፒዮንነት ብዛት ሲሆን፣ ከሌከርስ 17 ዋንጫዎች መካከል አምስቱ ክለቡ በ1960 ወደ ሎስ አንጀለስ ከመዛወሩ በፊት በሚኒያፖሊስ ሳለ የተገኙ ናቸው። 9 ለ3 ግን የእርስ በርስ ውጤት ነው። ቦስተን በምሥራቁ፣ ሌከርስ በምዕራቡ ምድብ ስለሚጫወቱ በጥሎ ማለፉ የሚገናኙት በፍጻሜው ብቻ ነው። በመሆኑም ደብተራችሁ እስካሁን ከ12 ረድፍ በላይ አያስፈልገውም፤ ይህም ከሌሎች የባላንጣዎች ታሪክ ይልቅ ሥራውን ቀላል ያደርገዋል።

ለእያንዳንዱ ረድፍ ዓመቱን፣ አሸናፊውን፣ የጨዋታውን ልዩነት፣ የመጨረሻው ጨዋታ የተካሄደበትን ከተማና የዚያን ጨዋታ ነጥብ የሚይዙ አምስት ዓምዶች አስምሩ። አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ዋንጫውን ስለሚወስድ ልዩነቱ ከ4 ለ0 እስከ 4 ለ3 ይደርሳል። ቦስተን በ1959 4 ለ0፣ በ1962 4 ለ3፣ በ1963 4 ለ2፣ በ1965 4 ለ1፣ በ1966 4 ለ3፣ በ1968 4 ለ2፣ በ1969 4 ለ3፣ በ1984 ደግሞ እንደገና 4 ለ3 አሸነፈ። ሌከርስ በ1985 እና በ1987 4 ለ2 አሸንፎ ተራውን ወሰደ። በ2008 ቦስተን 4 ለ2፣ በ2010 ሌከርስ 4 ለ3 አሸነፉ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ የእያንዳንዱን ጨዋታ ድል ደምሩ፤ ለቦስተን 43፣ ለሌከርስ 31፣ በጠቅላላው 74 ካልመጣላችሁ አንድ ረድፍ ላይ ስሕተት አለ ማለት ነው።

ዓመተ ምሕረቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ አቆጣጠር ብቻ ጻፉ። እኔ የመጀመሪያውን ደብተሬን ስሞላ አንዳንዱን ዓመት በእኛ፣ አንዳንዱን በፈረንጆቹ ጽፌ ስለነበር 1976 እና 1984 ሁለት የተለያዩ ፍጻሜዎች መስለውኝ 13 ረድፍ ሆነብኝ፤ ስሕተቱን ያገኘሁት ድምሩ እምቢ ሲለኝ ነው። የፍጻሜው ጨዋታዎች የተካሄዱት ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባሉት ወራት ስለሆነ ወደ እኛ አቆጣጠር ለመመለስ ሁልጊዜ 8 መቀነስ ይበቃል። ቀኑ ግን ተጨማሪ ጥንቃቄ ይሻል። በቦስተን ሰዓት ማታ 3 ሰዓት የሚጀመር ጨዋታ እዚህ የሚታየው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው፤ እነሱ ሰኔ 10 ብለው የሚያመሹትን እኛ ሰኔ 11 ብለን እናነጋዋለን። እኔ ጨዋታው የተካሄደበትን አገር ቀን መያዝ የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ማስረጃ ስትፈልጉ የምታገኙት በዚያ ቀን ነውና።

አሁን ወደ ንባቡ እንለፍ። ከላይ ወደ ታች ሲታይ የመጀመሪያዎቹ ስምንት ረድፎች በሙሉ የቦስተን ናቸው፤ ብዙ ሰውም እዚህ ላይ ደብተሩን ዘግቶ «ሌከርስ አቅም አልነበረውም» ብሎ ይፈርዳል። ፍርዱ ትክክል አይደለም። እስከ ሰባተኛ ጨዋታ የደረሱትን አምስት ዓመታት በቀይ እስክሪብቶ አስምሩባቸውና ነጥባቸውን ተመልከቱ። በ1962 ቦስተን 110 ለ107 ያሸነፈው በተጨማሪ ሰዓት ሲሆን፣ መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ሲል የሌከርሱ ፍራንክ ሴልቪ የወረወራት ኳስ ብትገባ ዋንጫው የሌከርስ ይሆን ነበር። በ1966 ነጥቡ 95 ለ93፣ በ1969 ደግሞ 108 ለ106 ነበር። በነዚያ ሦስት ዓመታት ዋንጫ የሰጠውና የነሳው ልዩነት ሁሉ ተደምሮ ሰባት ነጥብ ብቻ ነው። በአንጻሩ የ1959ኙ 4 ለ0 እና የ1965ቱ 4 ለ1 ምንም ክርክር የማያስነሱ ስለሆኑ በአጭሩ ማለፍ ይቻላል።

የከተማው ዓምድ ጥቅም የሚገለጠውም በነዚሁ አምስት ረድፎች ላይ ነው። ሰባተኛው ጨዋታ በ1962፣ በ1966 እና በ1984 በቦስተን፣ በ1969 እና በ2010 በሎስ አንጀለስ ተካሄደ። ከአምስቱ በአራቱ ባለሜዳው አሸንፏል፤ ያልሆነው በ1969 ብቻ ነው። ስለዚህ ለዚህ ዓመት ከሌሎቹ ሰፋ ያለ ቦታ ስጡት። ሌከርስ በዚያ ዓመት ዊልት ቻምበርሌንን ከጄሪ ዌስትና ከኤልጂን ቤይለር ጋር አሰልፎ የተሻለ ቡድን እንደሆነ ታምኖበት ነበር፤ የክለቡም ባለቤት ለድሉ በዓል ብለው በአዳራሹ ጣሪያ ሥር ፊኛዎች በመረብ አንጠልጥለው ነበር። ቻምበርሌን በመጨረሻው ሩብ ጉልበቱን ተጎድቶ ወጣ፤ በኋላም ልመለስ ሲል አሰልጣኙ አልፈቀዱለትም። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው የቦስተኑ ዶን ኔልሰን የወረወራት ኳስ የቀለበቱን የኋላ ጠርዝ መትታ ወደ ላይ ነጠረችና ተመልሳ ገባች። ፊኛዎቹ ከጣሪያው ሳይወርዱ ቀሩ። ዌስት በዚያ ጨዋታ 42 ነጥብ፣ 13 ሪባውንድ (ሳትገባ የነጠረች ኳስ መያዝ) እና 12 አሲስት (ለነጥብ የበቃች ኳስ ማቀበል) አስመዝግቦ የፍጻሜው ኮከብ ተብሎ ተመረጠ፤ ተሸናፊ ቡድን ውስጥ ሆኖ ይህን ሽልማት ያገኘ እስካሁን እርሱ ብቻ ነው። አሸናፊው ቢል ራስል ደግሞ ተጫዋችም አሰልጣኝም ሆኖ 11ኛ ዋንጫውን አንሥቶ ጫማውን ሰቀለ።

የ1984ቱን አምስተኛ ጨዋታ ከቦስተን ሰው ይልቅ የድሬ ሰው ይረዳዋል ብዬ አምናለሁ። የቦስተን አሮጌው አዳራሽ የአየር ማቀዝቀዣ ስላልነበረው በዚያ ምሽት ሙቀቱ 97 ዲግሪ ፋራናይት ደረሰ። ከ97 ላይ 32 ቀንሱ፣ የቀረውን በ5 አባዝታችሁ ለ9 አካፍሉ፤ 36 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ታገኛላችሁ፤ ይህም የእኛ የሰኔ ቀትር ነው። በሺዎች የሚቆጠር ተመልካች በታጨቀበት ዝግ አዳራሽ ውስጥ በዚህ ሙቀት መሮጥ ምን እንደሆነ ለማወቅ በቀትር ከምድር ባቡር ጣቢያው እስከ ደቻቱ በእግር መሄድ ይበቃል። የ37 ዓመቱ የሌከርስ ተጫዋች ከሪም አብዱል ጀባር ተቀያሪ ወንበር ላይ ሆኖ በጭምብል ኦክስጅን ሲወስድ፣ የቦስተኑ ላሪ በርድ በበኩሉ 34 ነጥብና 17 ሪባውንድ አስመዘገበ፤ ቦስተንም 121 ለ103 አሸነፈ። እንዲህ ያለውን ሁኔታ ከረድፉ ጎን በአንድ መስመር መጻፍ ያስፈልጋል፤ ነጥቡ ብቻውን ሙቀቱን አይነግራችሁምና።

የ1985 ረድፍ ሲመዘገብ ጨዋታዎቹ በሁለቱ ከተሞች የሚካሄዱበት ቅደም ተከተል መለወጡን ልብ በሉ። ከዚያ ዓመት አንሥቶ እስከ 2013 ድረስ ሁለት ጨዋታ በአንዱ፣ ሦስት በሌላው፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ደግሞ በመጀመሪያው ሜዳ ይካሄዱ ነበር። ሌከርስ የመጀመሪያውን ጨዋታ በቦስተን 148 ለ114 ተዋርዶ ተሸነፈ፤ ከሪም 12 ነጥብና 3 ሪባውንድ ብቻ ነበረው። በሁለተኛው ጨዋታ ያው ሰው 30 ነጥብ፣ 17 ሪባውንድና 8 አሲስት ይዞ ተመለሰ። ስድስተኛው ጨዋታ በዚያው በቦስተን ሜዳ 111 ለ100 ሲጠናቀቅ ሌከርስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሴልቲክስን በፍጻሜ አሸነፈ። በእኔ አስተያየት ከ12ቱ ረድፎች ትልቁ ይህ ነው፤ የስምንት ፍጻሜ ሸክም የወረደው ሸክሙ በተጫነበት ሜዳ ላይ ነውና። የ1987ቱም አራተኛ ጨዋታ በቦስተን 107 ለ106 ያለቀው የሌከርሱ ማጂክ ጆንሰን በመጨረሻዎቹ ሰኮንዶች በወረወራት ኳስ ነው።

በ2008 ቦስተን አራተኛውን ጨዋታ ከ24 ነጥብ ልዩነት ተነሥቶ ሲያሸንፍ፣ የመጨረሻውን 131 ለ92 ፈጸመ። የ2010ሩ ሰባተኛ ጨዋታ 83 ለ79 ሲሆን፣ የሌከርሱ ኮቤ ብራያንት ከ24 ውርወራ 6 ብቻ ቢያስገባም 15 ሪባውንድ እንደወሰደ አብራችሁ ጻፉ፤ ያለዚያ የዕለቱ ሥራው ግማሹ ይጠፋል።

ከ12ኛው ረድፍ በታች ባዶ መስመር ተዉ። በ2014 የጨዋታ ቅደም ተከተሉ ወደ ቀድሞው፣ ማለትም ሁለት በአንዱ፣ ሁለት በሌላው፣ ከዚያ አንድ አንድ እየተፈራረቁ ወደሚካሄድበት ስለተመለሰ፣ ሁለቱ ክለቦች ዳግም በፍጻሜ ሲገናኙ አምስተኛውን ጨዋታ የሚያስተናግደው ሰባተኛውን የሚያስተናግደው ከተማ ይሆናል። 13ኛውን ረድፍ ስትከፍቱ ከነጥቡ በፊት ይህን ከተማ ጻፉ።