ዊንዶውስ ሳይጠይቀን አፕዴት እንዳያደርግ እንዴት እንከላከል?

ባሕር ዳር ላይ ብዙ ላፕቶፕ ኢንተርኔት የሚያገኘው ከስልክ ሆትስፖት ነው። ፓኬጅ ተገዝቶ፣ ሆትስፖት ተከፍቶ፣ ገና አንድ ኢሜይል ሳይላክ ዳታው ማለቁን የሚናገር መልእክት ይመጣል። ሰው ስልኩን ይጠረጥራል፣ ኔትወርኩን ያማል። ብዙ ጊዜ ግን ዳታውን የበላው ዊንዶውስ ነው።

ማይክሮሶፍት ዋናውን ወርሃዊ አፕዴት የሚለቀው በፈረንጆቹ ወር ሁለተኛው ማክሰኞ ላይ ነው። በእኛ አቆጣጠር ማታ 2 ወይም 3 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ረቡዕ ጠዋት ጣና ዳር ካፌ ቁጭ ብሎ ላፕቶፑን ከስልኩ ጋር ያገናኘ ሰው ቀድሞ ይመታል። ወርሃዊው አፕዴት በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ነው፤ ከ1 ጊጋባይት የሚያልፍበት ጊዜም አለ።

አፕዴት ጭራሽ ይቅር አልልም። ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በ2017 እ.ኤ.አ. ሜይ ወር ዓለምን ሲያተራምስ፣ ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን አፕዴት ማርች ላይ ለቆት ነበር። በአብዛኛው የተጠቁት ያልጫኑት ናቸው። እኛ የምንፈልገው ቀኑንና ኔትወርኩን ራሳችን መምረጥ ነው።

1. ሆትስፖቱን ሚተርድ አድርጉት

ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። ሚተርድ ስታደርጉት ዊንዶውስ ዳታው በልክ የተገዛ መሆኑን ያውቃል፤ አብዛኛውን አፕዴትም ማውረድ ያቆማል።

ዊንዶውስ 11 ላይ ሴቲንግስ፣ ቀጥሎ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ ከዚያ ዋይፋይ ግቡ። የተገናኛችሁበትን ኔትወርክ ፕሮፐርቲስ ክፈቱና ሚተርድ ኮኔክሽን የሚለውን አብሩ። ዊንዶውስ 10 ላይም መንገዱ ተመሳሳይ ነው።

አሁን ልብ በሉ። ይህ ምልክት የሚቀመጠው በኮምፒውተሩ ላይ ሳይሆን በዚያ አንድ ኔትወርክ ስም ላይ ነው። የሆትስፖታችሁን ስም ከቀየራችሁ፣ ለዊንዶውስ አዲስ ኔትወርክ ነው። አዲስ ስልክ ከገዛችሁም እንደዚያው። የጓደኛችሁን ሆትስፖት ስትለምኑ ደግሞ የእሱን ዳታ ነው የምታስበሉት። "ሚተርድ አድርጌዋለሁ እኮ፣ አሁንም ዳታዬን ይበላል" የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው በቅርቡ ስልክ ቀይሮ እንደሆነ ነው።

ሌላው ወጥመድ ኬብል ነው። ስልኩን በዩኤስቢ ሰክታችሁ ኢንተርኔት ስትጠቀሙ ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ ዋይፋይ ሳይሆን ኢተርኔት ብሎ ነው የሚያየው። ዋይፋዩ ላይ ያደረጋችሁት እዚህ አይሠራም። ኢተርኔት የሚለው ውስጥ ገብታችሁ ለብቻው ሚተርድ አድርጉት።

በመጨረሻ ዊንዶውስ አፕዴት ውስጥ አድቫንስድ ኦፕሽንስ ክፈቱ። በሚተርድ ኮኔክሽንም አፕዴት አውርድ የሚል ማብሪያ አለ፤ እሱ መጥፋት አለበት። ከበራ የለፋችሁት ሁሉ ገደል ገባ። እዚያው አካባቢ ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን ውስጥ ከሌሎች ኮምፒውተሮች ጋር አፕዴት የሚያጋራውንም አጥፉት።

2. ፖዝ አድርጉ

ዊንዶውስ አፕዴት ገጽ ላይ ፖዝ የሚል አለ። እስከ 5 ሳምንት ይሰጣችኋል። ቀኑ የሚቆጠረው ኢንተርኔት ቢኖርም ባይኖርም ነው፤ ላፕቶፑ ተዘግቶ ቢቀመጥም ጊዜው ያልቃል። ካለቀ በኋላ እንደገና ፖዝ ለማድረግ መጀመሪያ የተጠራቀመውን መጫን ግድ ሊሆን ይችላል።

ዊንዶውስ 11 ያላችሁ፣ አዲስ አፕዴት ከሁሉም ቀድሞ እንዲመጣላችሁ የሚያደርገውን ማብሪያም አጥፉት። ለሆትስፖት ተጠቃሚ ምንም አይፈይድም።

3. ሪስታርት የማይደረግበትን ሰዓት ሙሉ

አክቲቭ አወርስ ይባላል፤ እስከ 18 ሰዓት መሸፈን ይቻላል። እዚህ ላይ የእኛ ሰው የሚሳሳተው ሰዓቱን ነው። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የፈረንጁን ሰዓት ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ግቢ ያለ ተማሪ ሲሙሌሽኑን አስነስቶ የሚተኛ ከሆነ፣ መሸፈን የሚፈልገው ከማታው 12 ሰዓት እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ነው እንበል። የሚሞላው ከ6 ፒኤም እስከ 12 ፒኤም ነው። የእኛን 12 እና 6 እንዳለ ከ12 ፒኤም እስከ 6 ፒኤም ብሎ ከሞላው ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ይተወዋል፤ ጠዋት ሲነሳ ሥራው ተቋርጦ ማሽኑ ሪስታርት አድርጎ ሊያገኘው ይችላል። ወሳኝ ሥራ ላለበት ሌሊት ግን አክቲቭ አወርስ ብቻ አይበቃም፤ ፖዝ ይጨመርበት።

4. ፕሮ ላላችሁ

ዊንዶውስ ፕሮ ከሆነ ግሩፕ ፖሊሲ ኤዲተር የሚባል የዊንዶውስን አሠራር መወሰኛ አለው። ኮምፒውተር ኮንፊገሬሽን፣ አድሚኒስትሬቲቭ ቴምፕሌትስ፣ ዊንዶውስ ኮምፖነንትስ፣ ዊንዶውስ አፕዴት ብላችሁ (ዊንዶውስ 11 ላይ ማኔጅ ኤንድ ዩዘር ኤክስፒሪያንስ የሚለውም ይጨመራል) ኮንፊገር አውቶማቲክ አፕዴትስ የሚለውን ኢኔብል አድርጉና ቁጥር 2ን ምረጡ። ከዚያ ወዲህ ከማውረዱ በፊት ይጠይቃችኋል። ከሁሉም ንጹሑ መንገድ ይሄ ነው። ሆም በሚባለው የዊንዶውስ ዓይነት ላይ ግን የለም።

ሰርቪስ (ከጀርባ የሚሠሩ የዊንዶውስ ፕሮግራሞች ዝርዝር) ውስጥ ገብቶ ዊንዶውስ አፕዴትን ዲሴብል ማድረግ የሚለውን ምክር አልወደውም። ዊንዶውስ የጠፋውን መልሶ የሚያስነሳ ሌላ ሰርቪስ አለው፤ በማታስቡት ቀን ይመጣባችኋል። ከቴሌግራም ቻናል የሚወርድ አፕዴት ማገጃ ፕሮግራም ደግሞ አትንኩ። አድሚን ፈቃድ ሰጥታችሁ የምታስገቡት ማን እንደሠራው የማይታወቅ ነገር ነው።

የአፕዴቱ ቀን

በወር አንዴ ቀን ቁረጡ። ግቢ ዋይፋይ የምታገኙ እዚያ፣ ሌላው ርካሽ የሌሊት ጥቅል ሲኖረው ያውርድ። የካፌ ዋይፋይ ላይ ግን አታውርዱ፤ የሌላውን ሰው መስመር ታንቃላችሁ።

ማውረዱ ቀላል ነው። አደጋው ያለው መጫኑ ላይ ነው፤ መሐል ላይ መብራት ከሄደ ሲስተሙ ሊበላሽ ይችላል። ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ ያላችሁ በተለይ ተጠንቀቁ። ከመጀመራችሁ በፊት ባትሪው ይሙላ፣ ፋይላችሁም ፍላሽ ላይ ይገልበጥ። መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ ከሆነ ለነገ አሳድሩት። ማጥፊያው ውስጥ አፕዴት ኤንድ ሻት ዳውን እና ሻት ዳውን ለየብቻ ከመጡ ተራውን ሻት ዳውን ምረጡ።

ተጭኖ ሲያልቅ ቼክ ፎር አፕዴትስ የሚለውን አንዴ ደግማችሁ ንኩ፤ ብዙ ጊዜ የቀረ ትንሽ ነገር ይኖራል። እሱም ሲያልቅ እንደገና 5 ሳምንት ፖዝ።