ከኮብልስቶን እስከ ዓባይ በረሃ፦ ድንጋይ መለየት ለሚጀምሩ ወጣቶች

ጂኦሎጂን ለመጀመር ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ጀማሪን የሚያስቸግረው ከስም መጀመሩ ነው፤ ጥቁር ድንጋይ ያይና ቶሎ ስም ይፈልግለታል። ቀለም ግን ያታልላል። ባልጩትም ጥቁር ነው፣ የግንብ ድንጋይም ጥቁር ነው፣ አመጣጣቸው ግን ለየቅል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ እዩ፣ ጫሩ፣ መዝኑ፤ ስሙ በኋላ ይደርሳል።

የሚያስፈልጉት ዕቃዎች፦ 10 እጥፍ የሚያጎላ ሌንስ፣ የብረት ሚስማር፣ ጠርዙ በፕላስተር የተሸፈነ የመስታወት ቁራጭ፣ ጀርባው ነጭ የሆነ የሴራሚክ ስባሪ፣ ትንሽ አቼቶ፣ ግራም የሚያነብ የኩሽና ሚዛን፣ ክር፣ ደብተርና እርሳስ። እስክሪብቶ አትያዙ፤ ዝናብ ሲነካው ጽሑፉ ይፈስሳል።

አዲስ ስባሪ ፈልጉ። ፀሐይና ዝናብ የመታው የድንጋይ ገጽ ዝጎና ተበልቶ ስለሚገኝ ውስጡን አይመስልም። ለመስበር የአናጢ መዶሻ አትጠቀሙ፤ ጠንካራ ድንጋይ ላይ ሲያርፍ የራሱ ብረት ተሸርፎ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። የድንጋይ መዶሻ ካላችሁም ያለ መከላከያ መነጽር አትምቱ። ከሁሉ የሚቀለው ኮብልስቶን የሚጠረብበት ቦታ ሄዶ ፍቅፋቂውን አስፈቅዶ መልቀም ነው።

ሌንሱን በትክክል ያዙ። ሌንሱን ድንጋዩ ላይ አስቀምጦ ከሩቅ ማየት ምንም አያሳይም። ሌንሱን ዓይናችሁ ሥር አስጠጉና ድንጋዩን ወደ ሌንሱ አምጡት፤ 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲደርስ ይጠራል። ብርሃኑ ከጎን ይምጣ። ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ተቆላልፈው ከታዩ ድንጋዩ ከቀለጠ ነገር ቀዝቅዞ የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ ቅንጣቶቹ ትልልቅ ከሆኑ መሬት ውስጥ ቀስ ብሎ ነው የቀዘቀዘው፣ በዓይን የማይለዩ ከሆኑ ደግሞ ላይ ወጥቶ ቶሎ። ባልጩት ቅንጣት ለመሥራት እንኳ ጊዜ ያላገኘ ነው። የተሞረዱ ቅንጣቶች በሙጫ እንደተያያዙ ሆነው ከታዩ ግን የአሸዋ ድንጋይ ይዛችኋል።

ጥንካሬውን ለኩ። መለኪያው ከ1 እስከ 10 የሚሄደው የሞስ ደረጃ ነው። የጣት ጥፍር 2.5፣ ሚስማር 5 ገደማ፣ መስታወት 5.5፣ ኳርትዝ የተባለው ማዕድን 7 ናቸው። ጥፍር የሚጭረው ነጭ ድንጋይ ጂፕሰም (2) ሊሆን ይችላል፤ ጥፍር አቅቶት ሚስማር ከጫረው ካልሳይት (3)፤ እሱ ራሱ መስታወቱን ከጫረ ኳርትዝን ጠርጥሩ። ሁለት ስሕተቶች ይደጋገማሉ። አንደኛው፣ የሚታየው መስመር ጭረት ሳይሆን ከሚስማሩ የተላከከ ብረት መሆኑ ነው፤ በረጠበ ጣት ሲታሽ ከጠፋ ጭረት አይደለም። ሁለተኛው፣ የአሸዋ ድንጋይ በሚስማር ሲፈረፈር "ለስላሳ ነው" ብሎ መጻፍ ነው። የላላው ማያያዣው ነው እንጂ የኳርትዝ ቅንጣቶቹ 7 እንደሆኑ ናቸው።

የዱቄቱን ቀለም እዩ። ማዕድኑን በሴራሚኩ ጀርባ ላይ አስምሩ። ሄማታይት የተባለው የብረት ማዕድን ላዩ እንደ ብረት ቢያብለጨልጭም ዱቄቱ ቀይ ቡናማ ነው። ወርቅ የሚመስለው ፓይራይት አረንጓዴ የሚመታው ጥቁር ይሰጣል፤ እውነተኛ ወርቅ ቢጫ ያሰምራል።

አቼቶ ጠብ አድርጉ። የኖራ ድንጋይ አሲድ ሲነካው ይፈላል፤ አቼቶ ግን ደካማ ስለሆነ መጀመሪያ በሚስማር ፍቃችሁ ዱቄት አውጡ፣ ጠብ አድርጉበት፣ ግማሽ ደቂቃ በሌንስ ተከታተሉ። ባለቀዳዳ ድንጋይ ውስጥ የታመቀ አየር ሲወጣም አረፋ ይመስላልና አስቀድማችሁ በውኃ ብቻ ሞክሩ። ከፈረሰ ግንብ የተነሳ ድንጋይ ላይ የቀረ ሲሚንቶም ይፈላል፤ ብዙ ጀማሪ ባዛልትን (ጥቁሩን የግንብ ድንጋይ) "ኖራ" ያሰኘው ይኸው ነው።

እፍጋቱን፣ ማለትም እኩል ይዘት ካለው ውኃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ፣ አስሉ። ድንጋዩን በደረቁ መዝኑ፤ 290 ግራም ሆነ እንበል። ውኃ ያለበት ጎድጓዳ ዕቃ ሚዛኑ ላይ አድርጉና ዜሮ አስነብቡ። ድንጋዩን በክር አንጠልጥላችሁ ሙሉ በሙሉ ውኃ ውስጥ ስትይዙት ሚዛኑ 100 ካነበበ፣ 290 ለ100 ሲካፈል 2.9 ይመጣል፤ ይህ ለድፍን ባዛልት የሚስማማ ቁጥር ነው። ኳርትዝ 2.65 ነው። ድንጋዩ የዕቃውን ታች ከነካ ሒሳቡ ይበላሻል። ግንበኞች ሬድ አሽ የሚሉት ቀይ ጠጠር በቀዳዳዎቹ ምክንያት አንሶ ይነበባል፤ ፑሚስ የሚባለው በቀዳዳ የተሞላ የእሳተ ገሞራ ድንጋይማ ጭራሽ ይንሳፈፋል።

ለመነሻ የሰፈሩን ጥቁር ድንጋይ፣ ባልጩት፣ ሬድ አሽ፣ የኖራ ድንጋይ፣ የአሸዋ ድንጋይና የእብነ በረድ ፍቅፋቂ ሰብስቡ። ቤት ውስጥ ወፍጮና መጅ ካለ በሌንስ እዩት። በብዙ ቦታ ባለቀዳዳ ባዛልት ነው፤ እየተበላ ሲሄድ አዳዲስ የቀዳዳ ጠርዝ ስለሚወጣ እህል መያዙን አያቆምም። እያንዳንዱ ናሙና ላይ ነጭ ፍሉይድ ቀብታችሁ ቁጥር ጻፉ፤ በደብተሩ ደግሞ ቀን፣ ትክክለኛ ቦታና ያያችሁትን አስፍሩ። ከየት እንደተነሳ ያልተጻፈለት ድንጋይ ለጂኦሎጂ እምብዛም አይረባም።

ስድስቱን ከለመዳችሁ በኋላ ከትልቅ ሰው ጋር ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚወስደውን የዓባይ በረሃ መንገድ ተጓዙ። ላይ ያለው ባዛልት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ነው። ዝቅ ሲሉ የጁራሲክ ዘመን ባሕር ያስቀመጠው የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጂፕሰም ያለበት ንጣፍ፣ ወደ ወንዙ ስትቃረቡ የአሸዋ ድንጋይ ይመጣል። ንብርብሩ ካልተገለበጠ የታችኛው ይበልጣል በዕድሜ። በየንጣፉ ቆማችሁ ውፍረቱን ገምቱ፣ ሥዕሉን ከታች ወደ ላይ ሳሉ። ከዝናብ በኋላ ግን ገደል ሥር አትቁሙ፤ ናዳ አለ። የባሕር ዛጎል ወይም የአጥንት ቅሪት ብታገኙ ከቦታው አታንሱት፤ እርሳሳችሁን ለመጠን ማሳያ አጠገቡ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱ፣ የአካባቢውን የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አሳውቁ።