ሴራሚክ ሳይቆረጥ ወለሉን እንዲሞላ፦ በትልቁ የጋራ አካፋይ መለካት

ሴራሚክ ሊነጠፍ ሲል ሁሉም ሰው "ክፍሉ ስንት ካሬ ነው?" ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ ግን አለ፦ ሳይቆረጥ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ልክ የሚገባው የትኛው መጠን ነው? መልሱን በትምህርት ቤት የተማርነው ትልቁ የጋራ አካፋይ (ት.ጋ.አ.) ይሰጠናል፤ ይህም ሁለቱንም ቁጥሮች ያለ ቀሪ የሚያካፍል ትልቁ ቁጥር ነው።

ርዝመቱ 4.80 ሜትር፣ ወርዱ 3.60 ሜትር የሆነ ክፍል እንውሰድ። መጀመሪያ ሁለቱንም ወደ ሴንቲ ሜትር ይለውጡ፤ 480 እና 360 ይሆናሉ። ት.ጋ.አ. የሚፈለገው ለሙሉ ቁጥሮች ነውና ይህን እርምጃ አይዝለሉት።

ቀጥሎ ትልቁን ለትንሹ ያካፍሉና ቀሪውን ይያዙ። 480 ለ360 ሲካፈል 1 ደርሶ 120 ይቀራል። አሁን ደግሞ 360ን ለ120 ያካፍሉ፤ 3 ደርሶ ምንም አይተርፍም። ቀሪው ዜሮ ሲሆን የመጨረሻው አካፋይ፣ ማለትም 120፣ ት.ጋ.አ. ነው። ይህን ዘዴ የግሪኩ ሊቅ ዩክሊድ ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ ጽፎታል። ቁጥሮቹ ትልልቅ ሲሆኑ አካፋዮችን አንድ በአንድ ከመዘርዘር ይህ በእጅጉ ይቀላል።

120 በ120 የሆነ ሴራሚክ ሱቅ ውስጥ ባያገኙ አይጨነቁ። ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው፦ 120ን ያለ ቀሪ የሚያካፍል መጠን ሁሉ ክፍሉን ልክ ይሞላል። 60 ይሆናል፣ 40 ይሆናል፣ 30ም ይሆናል፤ 50 ግን አይሆንም። ባለ 60 በ60 ከመረጡ በርዝመቱ 8፣ በወርዱ 6፣ በጠቅላላው 48 ሴራሚክ ይበቃል። ባለ 30 በ30 ከሆነ 192 ያስፈልጋል።

በሴራሚኮቹ መሀል ክፍተት የሚተው ከሆነ፣ ክፍተቱን ከሴራሚኩ ጋር ደምረው ያስቡ። ግድግዳ ሁሌ ቀጥ ያለ አይደለምና ክፍሉን በሁለቱም ጫፍ ይለኩት።

ቁጥሩ እምቢ የሚልበት ጊዜም አለ። 455 በ385 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክፍል ሲገጥምዎ፦ 455 ለ385 ሲካፈል 70 ይቀራል፤ 385 ለ70 ሲካፈል 35 ይቀራል፤ 70 ለ35 ሲካፈል ምንም አይቀርም። ት.ጋ.አ. 35 ነው። 30ም፣ 40ም፣ 60ም 35ን አያካፍሉም፤ ስለዚህ መቁረጥ የግድ ነው። ይህን ገንዘብ ሳይከፍሉ ማወቅ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ለሚቆረጠው ተጨማሪ አስበው ይገዛሉ።

አጥርም በዚሁ ይሠራል። ግቢው 24 በ18 ሜትር ከሆነና በየማዕዘኑ እንጨት ቆሞ ርቀቱ ሁሉ እኩል እንዲሆን ከተፈለገ፣ ት.ጋ.አ. 6 ሜትር ነው። ይህ ለአጥር ይሰፋል፤ ስለዚህ ከ6 አካፋዮች 2ን እንምረጥ። ዙሪያው 84 ሜትር ስለሆነ 84 ለ2 ተካፍሎ 42 እንጨት ይወጣል። አጥሩ ዙሪያውን ሳይሆን በአንድ በኩል ብቻ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ከሆነ ግን ለመነሻው አንድ እንጨት ይጨምሩ፤ ለ24 ሜትር 12 ሳይሆን 13 ነው የሚያስፈልገው።